ራብሌያዊ፦ ከሰው ስም የተወለደ የሳቅ ቃል



የአብዛኛው ሰው ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጥቂት ስሞች ግን ከመቃብር ተርፈው የሕዝብ መናገሪያ ይሆናሉ። ፈረንሳዮች የሚያስፈራ ትዕይንት ሲያዩ «ዳንቴስክ» ይላሉ፤ ስለ ሲኦል የጻፈውን ጣሊያናዊ ባለቅኔ ዳንቴን አስበው ነው። ሸር የበዛበትን ፖለቲካ «ማኪያቬሊክ» ይሉታል፤ ይህም ከፍሎሬንሱ ጸሐፊ ከማኪያቬሊ ስም የወጣ ነው። እኛም በስም ጫፍ ላይ «አዊ» ቀጥለን «ማርክሳዊ» እንላለን። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ቃል የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ራብሌዚየን»፣ በእኛ አነጋገር «ራብሌያዊ»።

ራብሌያዊ ምሳ ማለት ገበታው የሞላ፣ መጠጡ የተትረፈረፈ፣ ጨዋታው የደራ ምሳ ነው። ራብሌያዊ ቀልድ ማለት ደግሞ ከልክ በላይ የተጋነነ፣ ጮክ ያለ፣ ስለ ሆድና ስለ ሰውነት፣ ስለ ወንድና ሴት ጉዳይም ሳያፍር የሚናገር ቀልድ ነው። ቃሉ የተወለደው ከ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከፍራንሷ ራብሌ ስም ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በምንኖርባት በጅቡቲ ፈረንሳይኛ ከዓረብኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ፣ ልጆቻችን ቃሉን አንድ ቀን በመጽሐፍም በጋዜጣም ማግኘታቸው አይቀርም። ሁለተኛው ምክንያት ወደ ቤታችን የቀረበ ነው። በማንኛውም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለው አባባል የስንት ልጅ እንባ ሸፍኖ እንደሚያልፍ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ሳቅ ምን እንደሚያንጽና ምን እንደሚያፈርስ ለመለየት ራብሌ ጥሩ መማሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሰውዬው ማን ነበር?

ራብሌ የተወለደው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንሳይ ቱሬን በሚባለው አውራጃ፣ ሺኖን ከተባለችው ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። ልጁ በመጀመሪያ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ሆነ። በገዳም ሳለ ግሪክኛ መማር ጀመረ፤ በዚያን ጊዜ ግን ግሪክኛ የመናፍቃን በር ይከፍታል ተብሎ ይፈራ ስለነበር አለቆቹ መጻሕፍቱን ወሰዱበት። ስለዚህ ወደ ቤኔዲክታውያን ማኅበር ተዛወረ። ኋላም ገዳሙን ለቆ በ1530 በሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና መማር ጀመረ፤ በ1532 በሊዮን ከተማ የድሆች ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በዚያው ዓመት የጥንቱን የግሪክ ሐኪም የሂፖክራተስን ሥራ አርሞ አሳተመ።

እንግዲህ በብልግና ቀልድ ስሙ የተጠራው ሰው መነኩሴ፣ የቋንቋ ሊቅና ሐኪም ነበር ማለት ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ራብሌያዊ» የሚለውን ቃል ከመሸታ ቤት ወሬ የሚለየው ከሳቁ በስተጀርባ ያለው ይህ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው ልብ ወለዱ «ፓንታግሩኤል» በ1532 ወጣ። በሽፋኑ ላይ የራሱን ስም አልጻፈም፤ የስሙን ፊደላት አቀያይሮ «አልኮፍሪባስ ናዚዬ» በሚል የፈጠራ ስም አወጣው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ «ጋርጋንቱዋ» ተከተለ። ጋርጋንቱዋ አባት ነው፣ ፓንታግሩኤል ልጅ፤ ሁለቱም ግዙፋን ነገሥታት ናቸው። «ሦስተኛው መጽሐፍ» በ1546፣ «አራተኛው መጽሐፍ» በ1552 ታተሙ። ራብሌ በ1553 በፓሪስ አረፈ። በ1564 በስሙ የወጣው አምስተኛው መጽሐፍ በእርግጥ የእርሱ ስለመሆኑ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ግነቱ እንዴት ይሠራል?

ጋርጋንቱዋ በእናቱ ማሕፀን 11 ወር ቆይቶ በጆሮዋ በኩል ይወለዳል። እንደ ሌሎች ሕፃናት አያለቅስም፤ ገና ከመወለዱ መጠጥ እንዲሰጡት ይጮኻል። እርሱን ወተት ለማጥገብ 17,913 ላሞች ይመደባሉ። አድጎ ወደ ፓሪስ ሲሄድ የከተማው ሕዝብ እየተከተለ ስላስቸገረው፣ በኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ሆኖ ይሸናባቸዋል፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቆጠሩ 260,418 ሰው በሽንቱ ጎርፍ ያልቃል። ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑን ትላልቅ ደወሎች አውርዶ ለባዝራው የአንገት ቃጭል ሊያደርጋቸው ያስባል።

ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ መሳቃቸው አይቀርም። ግን የሚያስቀን ምኑ ነው? ብዙ ሰው መሞቱ አይደለም። የሚያስቀው ቁጥሩ ነው። «ብዙ ሰው ሞተ» ቢል ተራ ውሸት ይሆን ነበር። 260,418 ሲል ግን እያንዳንዱን ሬሳ ቆጥሮ በመዝገብ ያሰፈረ ጸሐፊ ይመስላል። በዘመኑ የነበሩት የጦርነትና የጀግና ታሪኮች የተገደለውን ሁሉ በልበ ሙሉነት ይቆጥሩ ነበር፤ ራብሌም የእነርሱን ቋንቋ ተውሶ ይቀልድባቸዋል። ራብሌያዊ ግነት የሚባለው እንዲህ ነው፤ የማይሆነውን ነገር በሒሳብ ሠራተኛ ጥንቃቄ ማቅረብ። አንባቢው ከሳቀ በኋላ፣ ሌላ ቦታ የሚያነበውን ቁጥር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል።

ስለ ሰውነት ለምን አላፈረም?

እዚህ ላይ ወላጆች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። በራብሌ መጻሕፍት ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ያገሳል፤ ከዚያም ያለፈ ነገር ይነገራል። ሦስት ማብራሪያዎችን ላቅርብ።

አንደኛው የሙያው ነው። ሐኪም ለሆነ ሰው አንጀትም ፊኛም የዕለት ሥራው ነው። ራብሌ በአራተኛው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ለአንድ ካርዲናል በጻፈው ደብዳቤ፣ ታሪኮቹን የጻፈው በርቀት ያሉ ሕሙማንና ያዘኑ ሰዎች እንዲጽናኑ መሆኑን ያስረዳል። ሳቅ ለእርሱ የሕክምናው አካል ነበር።

ሁለተኛው የዘመኑ ልማድ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ሚኻኢል ባኽቲን በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ፣ የራብሌ ሳቅ ከካርኒቫል የመጣ ነው ይላል። ካርኒቫል በአውሮፓ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከበር የጥጋብና የፈንጠዝያ ሰሞን ነው፤ ለእኛ ቅበላ ከምንለው ጋር ጊዜው ይቀራረባል። በእነዚያ ቀናት ታናሹ እንደ ታላቅ ይሾማል፣ ታላቁ ይቀለድበታል፣ የተከበረው ነገር ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል። ንጉሥም ለማኝም እኩል የሚራቡ፣ እኩል የሚሞቱ መሆናቸውን ሆድ ያስታውሳል። ባኽቲን እንደሚለው ሕዝቡ በዚህ ሳቅ ፍርሃቱን ያራግፍ ነበር።

ሦስተኛውን ማብራሪያ ከራሳችን ቋንቋ እናገኘዋለን። አባቶቻችን ቀልድ ሲበዛ ጊዜ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» እያሉ ይገሥጹናል። ልብ በሉ፤ ቀልድን የሚከለክለው ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱ ሳቅ የሚያጭረው ከሆድ ሕመም ስም ተውሶ ነው። ምክሩ እንዳይረሳ ያደረገውም ይኸው ነው። ራብሌም ዘዴው ይህ ነበር፤ ከባዱን ነገር ማንም በማይረሳው ነገር ላይ ይጭነዋል።

ቅልጥሙን መስበር

በ«ጋርጋንቱዋ» መግቢያ ላይ ራብሌ አንባቢውን ቅልጥም ካገኘ ውሻ ጋር ያመሳስለዋል። ውሻው አጥንቱን በጥንቃቄ ይይዛል፣ ይልሳል፣ በመጨረሻም ሰብሮ መቅኒውን ይመጥጣል። አንባቢም ከቀልዱ ሥር ያለውን መቅኒ እንዲፈልግ ይጋብዘዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ግብዣ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ስለ ትምህርት ነው። ጋርጋንቱዋ በልጅነቱ የድሮ ዘዴ ተከታይ መምህር ይቀጠርለታል። መምህሩ ፊደል ብቻ ለ5 ዓመት ከ3 ወር ያስተምረዋል፤ ልጁም ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት በቃሉ እስኪያንበለብል ድረስ ያጠናል። ከዚያ ሌሎች መጻሕፍት በብዙ ዓመታት ይከተላሉ። በመጨረሻ አባቱ ልጁን ገና 12 ዓመት ካልሞላው፣ በአዲሱ ዘዴ ከተማረ ብላቴና ጋር ያገናኙታል። ብላቴናው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እያየ፣ ባማረ ላቲን ይናገራል። ግዙፉ ጋርጋንቱዋ ግን ፊቱን በቆቡ ሸፍኖ እንደ ላም ይጮኻል፤ አንዲት ቃል አትወጣውም።

ከዚያ በኋላ የተቀጠረው ፖኖክራት የተባለው መምህር ሥራውን በሌላ መንገድ ይጀምራል። የቀኑ ሰዓት አይባክንም፤ በማዕድ ላይ ስለ ዳቦው፣ ስለ ጨውና ስለ ዓሣው ተፈጥሮ ይወያያሉ፤ ማታ ከዋክብትን ይመለከታሉ፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ብረት ሠሪዎች፣ ወደ ሰዓት ሠሪዎችና ወደ ማተሚያ ቤቶች ሄደው ሙያ ያያሉ። እንግዲህ በላምና በጆሮ የጀመረው ቀልድ ከ30 ዓመት በላይ በሙያው ለቆየሁት ለእኔም ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ልጆቻችን የሚሸመድዱት ምን ያህል ነው? የሚያስተውሉትስ? ጋርጋንቱዋም ኋላ አባት ሲሆን ለልጁ ለፓንታግሩኤል በሚጽፈው ደብዳቤ ግሪክኛ፣ ላቲን፣ ዕብራይስጥ፣ ከለዳዊና ዓረብኛ እንዲማር ያሳስበዋል፤ ሕሊና የጎደለው እውቀት ግን ባለቤቱን እንደሚያጠፋ ያስጠነቅቀዋል። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ጸያፍ ቃል የለም።

ሁለተኛው ስለ ጦርነት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሌርኔ መንደር ጋጋሪዎች ቂጣ ጭነው ሲያልፉ፣ የወይን ማሳ ይጠብቁ የነበሩ እረኞች በገበያው ዋጋ እንዲሸጡላቸው በትሕትና ይለምኗቸዋል። ጋጋሪዎቹ የስድብ መዓት ያወርዱባቸዋል፤ ጠብ ይነሣል። እረኞቹ ጥቂት ደርዘን ቂጣ ይወስዳሉ፤ ዋጋውን ግን ይከፍላሉ። የጋጋሪዎቹ ንጉሥ ፒክሮኮል፣ ትርጉሙ «መራራ ሐሞት» ነው፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይጠይቅ ጦር ያዘምታል። የጋርጋንቱዋ አባት ለሰላም ሲል አምስት ጋሪ ሙሉ ቂጣ ቢልክም ንጉሡ ቂጣውን ተቀብሎ ጦርነቱን ይቀጥላል። አማካሪዎቹም ቁጭ ብለው በአፋቸው ዓለሙን ሁሉ ያስገብሩለታል። መጨረሻው ግን ተሸንፎ በሊዮን የቀን ሠራተኛ መሆን ነው። ስለ ቂጣ የተነሣ ጦርነት ያስቃል፤ በአካባቢያችን በትንሽ ነገር ተነሥቶ ብዙ ቤት ያፈረሰ ጠብ ያየ ሰው ግን ሳቁ ብዙ አይቆይም።

የሳቅ ዋጋ

ይህ ሁሉ ያለ አደጋ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። በተለምዶ ሶርቦን የሚባለው የፓሪስ የነገረ መለኮት ፋኩልቲ መጻሕፍቱን አወገዛቸው። ራብሌ በ1542 ባወጣው እትም አንዳንድ ቃላትን አለዘበ፤ «የነገረ መለኮት ሊቃውንት» ያለውን «ሶፊስቶች» በሚል ተካ። በዚያው ዓመት ግን ኤቲየን ዶሌ የተባለ አሳታሚ ወዳጁ ያልለዘበውን ጽሑፍ ያለ ፈቃዱ አተመ። ዶሌ ራሱ በነሐሴ 1546 በመናፍቅነት ተከሶ በፓሪስ አደባባይ ተሰቅሎ ተቃጠለ። በዚሁ በ1546 ራብሌ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ስሙ «ሦስተኛውን መጽሐፍ» አወጣ። የንጉሡ የማተሚያ ፈቃድ ቢኖረውም መጽሐፉ ተወገዘ፤ ጸሐፊውም ያኔ ከፈረንሳይ ግዛት ውጪ ወደነበረችው ወደ ሜስ ከተማ ሸሸ። ያተረፉት እንደ ካርዲናል ዣን ዱ ቤሌ ያሉ ኃያላን ወዳጆቹ ናቸው።

የቃሉ ዘመዶች

ራብሌ ለፈረንሳይኛ ያወረሰው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። ግዙፍ የምግብ ፍላጎት «ጋርጋንቱኤስክ»፣ ታላቅ ድግስ «ፓንታግሩኤሊክ» ይባላል። ሳያስቡ ሌላውን የሚከተሉ ሰዎች «የፓንዩርዥ በጎች» ይባላሉ። ፓንዩርዥ የፓንታግሩኤል ባልንጀራ ነው፤ በመርከብ ላይ ከአንድ የበግ ነጋዴ ጋር ተጣልቶ አንዱን በግ በውድ ገዝቶ ወደ ባሕር ይወረውረዋል። የቀሩት በጎች ሁሉ ተከታትለው ይዘላሉ፤ ነጋዴውም ሊይዛቸው ሲል አብሮ ይሰጥማል። «የራብሌ ሩብ ሰዓት» የሚባልም አለ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ሒሳብ የሚከፈልባት ያቺ የማትወደድ ቅጽበት ናት። አንድ ተማሪ እነዚህን አባባሎች ካወቀ፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጋር ሲጫወት የሚያመልጠው ነገር ይቀንሳል።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

አንድ ወላጅ ወደ ቢሮዬ መጥተው «ጋሼ፣ ይህን ባለጌ ሰው ልጆቻችን ቢያውቁት ምን ይጠቅማቸዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ። የመለስሁላቸውን እዚህም ልድገመው። የራብሌ ገጽ ሁሉ ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። መምህር ምዕራፍ ይመርጣል፤ የቂጣው ጦርነትና የጋርጋንቱዋ ትምህርት ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሆናሉ። ደግሞም ሁሉም ቀልዱ የሚወደስ አይደለም። ፓንዩርዥ እንቢ ባለችው የፓሪስ ሴት ላይ የሚሠራው ተንኮል ዛሬ ሲነበብ የሚያሳቅቅ እንጂ የሚያስቅ አይደለም። ታላቅ ጸሐፊ ሁሉ በሁሉም ገጹ ታላቅ አይሆንም፤ ይህንንም ለይቶ ማንበብ ራሱ ትምህርት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ሊቅነትና ድፍረት የተሞላ ቀልድ በአንድ ሰው ማደራቸው ለእኛ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሃና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በቀልዳቸው ነው። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች ውስጥ በልጆች ፊት የማይነገሩ እንዳሉ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ሆኖም ማንም አለቃን ባለጌ ነበሩ ብሎ ሊቅነታቸውን አይክድም።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። ተማሪዎች ሆይ፣ አማርኛችን ቀልድን፣ ፌዝን፣ ሽሙጥን፣ ስላቅንና ለከፋን በየስማቸው ይለያል። ይህን ሁሉ «ቀልድ» በሚል አንድ ስም መሸፈን ቋንቋችንንም ጓደኛችንንም መበደል ነው። ከመቀለዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የምቀልድበት ሰው ከእኔ ይበረታል ወይስ ይደክማል? ራብሌ በምርጥ ገጾቹ የሚስቀው በጉረኛ ንጉሥ፣ እውቀት በሌለው መምህርና በሐሰተኛ ቁጥር ላይ ነው፤ በአማርኛው አነጋገር ገና በሚኮላተፍ አዲስ ተማሪ ላይ፣ ወይም ምሳ ሳይዝ በመጣ ልጅ ላይ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ፦ እኔስ በቀልዱ ውስጥ አለሁበት? ራብሌያዊ ሳቅ ማንንም ነጥሎ አያወጣም፤ ሆድ ያለው ሁሉ አለበት፣ ቀላጁም ጭምር። አንድን ልጅ ከመሐል ነጥሎ ሌላው በዙሪያው ቆሞ የሚስቀው ሳቅ የዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ የሚከተሉትም ሰዎች ከፓንዩርዥ በጎች አይሻሉም።

በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈረንሳይኛ መምህሮቻችሁ ጋር ተማክራችሁ፣ በዘመናዊ ፈረንሳይኛ ከተዘጋጁት እትሞች የቂጣውን ጦርነት እንድታነቡ አደራ እላለሁ። ቃላቱ ቢከብዷችሁ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይሁን፤ ሳቃችሁ ቢመጣም አትከልክሉት። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ቅልጥሙን መስበር አትርሱ። ለተማሪዎቻችን፣ ለመምህራንና ለወላጆች በሙሉ መልካም ዕረፍት እመኛለሁ።